ምግብ ነው መድኃኒት? ከካዛንቺስ እስከ ሮም

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የብልቃጥ ፎቶ ላከችልኝ። እህቷ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ የላከችላት ቫይታሚን ነው። ነፍሰ ጡር ናት። «ቲቸር፣ ይሄ ምግብ ነው መድኃኒት?» ትላለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ግን ጥያቄው እኮ የታሪክ ጥያቄም ነው። ከሰፈራችን ልጀምርላችሁ።

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለችው ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች፣ ከ«ካዜ ኢንቺስ» ነው። በዚያው ዘመን የአክሱምን ሐውልት ወስደው ሮም አደባባይ ላይ አቆሙ፤ ከጎኑም ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ሚኒስቴር የሚሆን ትልቅ ሕንፃ ጀመሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሕንፃው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የፋኦ መቀመጫ ሆነ። ፋኦና የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋሙት የምግብ ደረጃ ኮሚሽን፣ ኮዴክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ሮም ላይ ሥራ ጀመረ። ኢትዮጵያም በ1968 አባል ሆነች።

አሁን 1997 ዓ.ም.ን ልብ በሉ። ሚያዝያ ላይ ሐውልቱ ወደ አክሱም ተመለሰ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ኮዴክስ የቫይታሚንና የማዕድን ተጨማሪዎች መመሪያን አጸደቀ። ያኔ ባሕር ማዶ «ቫይታሚን ሊከለከል ነው» የሚል ጩኸት ነበር። መመሪያው ግን እንዲህ አላለም። የዕለቱ መጠን ከሚመከረው ቢያንስ 15 በመቶ ይሁን፣ ጣሪያው በሳይንስ ይወሰን፣ ብልቃጡ ላይም «ከተጻፈው መጠን አይለፍ»፣ «ምግብን አይተካም»፣ «ከሕፃናት ይራቅ» የሚል ይጻፍበት አለ። ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት የሚለውን ግን ለየአገሩ ተወው።

ኮዴክስ ብቻውን ሕግ አይደለም። ጉልበት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት በንግድ ክርክር ጊዜ መመዘኛ ማድረጉ ነው። አሜሪካ ከዚያ ቀደም ብላ በ1994 ሕጓ «ምግብ ነው» ብላለች። አምራቹ ገበያ ከማውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ፈቃድ አይጠይቅም።

እኛስ? በአዋጅ ቁጥር 176/1991 መድኃኒት ለብቻው ነበር የሚተዳደረው። አዋጅ ቁጥር 661/2002 ምግብንና መድኃኒትን በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር አመጣ። ለ«ምግብ» በሰጠው ትርጉም ውስጥም ተጨማሪ ምግብን አስገብቶ፣ ለመድኃኒትነት ብቻ የሚውለውን አስወጣ። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተተካ። 661 ሲወጣ የንግድ ድርጅቱ አመልካች እንጂ አባል አልነበርንም፤ ከዚያ በኩል ያስገደደን ሕግ አልነበረም። ሚዛኑ የሮም ቢሆንም ብዕሩ የራሳችን ነው።

ችግሩ ሻንጣው ነው። በሻንጣ የሚመጣ ብልቃጥ የእኛን ተቆጣጣሪ አያይም፤ የአሜሪካውም ቀድሞ ፈቃድ አልሰጠውም። አብሮት የሚመጣው ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛ። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ፣ በተለይ ሬቲኖል የሚባለው፣ ጽንስ ይጎዳል። ብዙ የብረት እንክብል የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ለተማሪዬ እንዲህ አልኳት፦ «በሕግ ምግብ ነው፣ ልጄ። ምግብ ነው ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ከመዋጥሽ በፊት ጀርባውን ለሐኪምሽ አሳዪ።»

እናንተስ ቤት ያለው ብልቃጥ ጀርባው ምን ይላል? እስቲ ዛሬ አገላብጡት።