የመቐለ ስም በፋይል ዝርዝር ውስጥ

በማኅደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች የሚዘረዝረው «ኤል ኤስ» የተባለው ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መምሪያ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መሐንዲሶች፣ አንዳንዱ ለትምህርት፣ አንዳንዱ ለነጻ ሶፍትዌር ሲል፣ እንደ አዲስ ጽፈውታል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ስሞችን አንብቦ በተራ አሰልፎ ማሳየት ነውና።

ፈተናው የሚገለጠው የመቐለ ከተማ ስም በትግርኛ ሲጻፍ ነው። «መቐለ» ሦስት ፊደል ቢሆንም በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 9 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ባይት እየቆጠረ ዓምድ የሚያሰልፍ ፕሮግራም ዝርዝሩን ያዛባዋል። ተራው ግን ይጠበቃል፤ ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲቀበል በሀ ሁ ተራ አስቀምጦ፣ ቐን ከነዘሮቹ በቀ እና በበ መካከል አስገብቶታልና።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2010 የተጨመሩት የሰባት ቤት ጉራጌ፣ የባስኬቶና የጉሙዝ ፊደላት ይህን ዕድል አላገኙም። በሌላ ስፍራ ስለ ተመደቡ፣ የፊደላትን ቁጥር ብቻ የሚያነጻጽር መሣሪያ ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ይጥላቸዋል።

እንግዲህ አሮጌውን መሣሪያ እንደ አዲስ የሚጽፍ መሐንዲስ፣ ከፍጥነቱ አስቀድሞ፣ የእያንዳንዱ ሕዝብ ስም በተገቢ ቦታው መሰለፉን ሊመረምር ይገባዋል።