02:30 ስንት ሰዓት ነው?

ዛሬ ትንሽ ታሪክ፣ ትንሽም ኑዛዜ ነው የምጽፈው።

አንዲት የሰፈራችን ልጅ ወደ አረብ አገር ልትሄድ ትኬት ተቆረጠላት። ለጉዞው በሬ ተሸጧል፣ እቁብ ወጥቷል። እናቷ ወረቀቱን ይዘው ሲቀላ ያለው ቤቴ መጡና «ልጄ፣ አንተ አስተማሪ ነህ፣ እስቲ አንብብልን» አሉኝ። «02:30» ይላል። «ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ» አልኳቸው። እንዳልኩት ማክሰኞ ንጋት 11:30 ላይ ቦሌ ደረሱ። አውሮፕላኑ ግን ሌሊት 8:30 ሄዷል። ሦስት ሰዓት ቀደምን ሲሉ ሦስት ሰዓት አርፍደው ነበር።

የታሪክ መምህር ነኝ እኮ! ስለ ሰዓት አቆጣጠራችን ክፍል ውስጥ ስንቴ አስተምሬያለሁ።

የእኛ ሰዓት ስህተት የለበትም። ቀናችን ከፀሐይ ጋር ይጀምራል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከዚያ አንድ ብሎ መቁጠር ለገበሬም ለነጋዴም ይመቻል። ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ይቆጥራሉ። ወንጌል ላይ በስቅለት ዕለት ከ6 እስከ 9 ሰዓት ጨለማ ሆነ ሲባል፣ ቀትር መሆኑን ያለ አስረጂ የምንረዳው ለዚህ ነው።

ሌላው ዓለም በሌላ መንገድ ሄደ። ባቡርና ቴሌግራፍ ከተማን ከከተማ ሲያገናኙ የጋራ ሰዓት አስፈለገ። በ1884 እ.ኤ.አ. የ25 አገሮች ተወካዮች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው ግሪኒችን መነሻ እንዲሆን፣ የዓለም አቀፉም ቀን ከእኩለ ሌሊት እንዲጀምር ወሰኑ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ ያ ሰዓት የእኛም ተጓዥ ጉዳይ ሆነ። ከአገር አገር የሚበር አውሮፕላን በየደረሰበት ሰዓት አቆጣጠር አይቀይርም። ይኸው እስከ ዛሬ በአንድ አገር በሁለት ሰዓት እንኖራለን፤ ቤታችን በአንዱ፣ ትኬታችን በሌላው።

ስለዚህ ትኬት ስታነቡ ይህን ያዙ፦

👉 ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ቀንሱ። 14:30 ማለት ከሰዓት 8:30 ነው።
👉 ከ19:00 በኋላ ከሆነ 18 ቀንሱ። 21:00 ማለት ማታ 3 ሰዓት ነው።
👉 ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ 6 ደምሩ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ማክሰኞ 02:30 ማለት ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8:30 ነው፤ ሰኞ ማታ ኤርፖርት መገኘት አለባችሁ።
👉 ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ወደ እኛ መልሳችሁ ካሌንደር ላይ አክብቡበት።
👉 ከአርባ ምንጭ በመኪና የምትሄዱ፣ መንገዱ ቀን ሙሉ ይፈጃልና ቢያንስ በዋዜማው አዲስ አበባ እደሩ።

ልጅቷ ከወር በኋላ ሄደች። የሁለተኛውን ትኬት ብድር ቤተሰቡ ገና እየከፈለ ነው፤ እኔም የቻልኩትን አዋጥቻለሁ። እናቷ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ እሱ ነው የባሰ የሚያመኝ።

አሁን ማንም ትኬት ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «የማን ሰዓት?» ብዬ ነው። እናንተም ጠይቁ። መንገደኛ ላለበት ቤት ሼር አድርጉለት።