የተቀመጠው፣ የተንበረከከው እና የጮኸው ሕዝብ



በ1996 አሜሪካ ውስጥ በአራት ወር ልዩነት ሁለት ነገሮች ሆኑ (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ)። በማርች አጋማሽ አንድ ሙስሊም የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቺካጎ ውስጥ ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ዱዓእ ሲያደርግ ተመልካቹ ጮኸበት። በጁላይ ደግሞ ሌላ ሙስሊም አትላንታ ስታዲየም ውስጥ በሚንቀጠቀጥ እጁ የኦሎምፒክ ችቦ ሲለኩስ ያው የአሜሪካ ሕዝብ ከመቀመጫው ተነስቶ እንባ እየተናነቀው አጨበጨበለት።

ሁለተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሙሐመድ ዐሊ ነው። የመጀመሪያው ማሕሙድ ዐብዱረኡፍ ይባላል። ስሙን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሙ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። አሜሪካ ውስጥ በመዝሙር ሰዓት ስለሚንበረከኩ ስፖርተኞች ሲወራ ታሪኩ ሁልጊዜ የሚጀመረው በ2016፣ ከኮሊን ካፐርኒክ ነው። እኔ ግን ከማሕሙድ መጀመር አለበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በካፐርኒክ ላይ የደረሰው ሁሉ ከሃያ ዓመት በፊት በእሱ ላይ አንድ ጊዜ ደርሷል።

ማሕሙድ በ1969 ሚሲሲፒ ግዛት፣ ገልፍፖርት ከተማ ውስጥ በድህነት የተወለደ ልጅ ነው። የቀድሞ ስሙ ክሪስ ጃክሰን ነበር። ቱሬት የሚባል የነርቭ ሕመም ስላለበት ሰውነቱ ሳያዘው ይወራጫል፤ ኳስ ሲወረውር ግን የሚያህለው አልነበረም። በ1990 ዴንቨር ነጌትስ በሦስተኛ ምርጫ ወሰደው። በ1991 ኢስላምን ተቀበለ፣ በ1993 ስሙን ቀየረ። በነፃ ውርወራ ሁለት ጊዜ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ወጥቷል።

በ1995/96 የውድድር ዘመን መዝሙሩ ሲዘመር አይቆምም ነበር። አንዳንዴ መልበሻ ክፍል ይቆያል፣ አንዳንዴ ተቀምጦ ሰውነቱን ያፍታታል። ወራት አለፉ፤ ጉዳዬ ያለው አልነበረም። በማርች 1996 ጋዜጠኞች ጠየቁት፤ ባንዲራው ለብዙ ሕዝብ የጭቆና ምልክት እንደሆነ፣ አላህን እያመለከ ለጭቆና ምልክት መቆም እንደማይችል በግልጽ ተናገረ። ሊጉ ማርች 12 ያለ ደመወዝ አገደው። በአንድ ጨዋታ 31,707 ዶላር ነበር የሚያጣው።

ከዚያ የመጣውን ልብ በሉ። ዴንቨር ያለ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ሠራተኞች ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለ መስጂድ ገብተው መዝሙሩን በጥሩምባ ነፉበት። ሰውየው ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ለተቀመጠው መስጂድ ውስጥ ሰላት የሚሰግዱት ሰዎች ምን አጠፉ? ሠራተኞቹ በሕግ ተከሰዋል፤ ግን ድርጊቱ ብቻውን ይናገራል። ክርክሩ ማሕሙድ ስላነሳው ጭቆና መሆኑ ቀርቶ ሙስሊም ለአሜሪካ ታማኝ ሊሆን ይችላል ወይ ወደሚል ጥያቄ ዞረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ሙስሊሙም ራሱ አንድ ድምፅ አልነበረውም። የያኔው ታላቅ ተጫዋች ሐኪም ኦላጁዋን፣ በረመዷን እየጾመ የሚጫወተው ሐኪም፣ በአደባባይ ከማሕሙድ ጋር አልተስማማም። ኢስላም የሚኖሩበትን አገር ማክበር ያስተምራል የሚል ነበር ሐሳቡ። ሁለቱም ከእምነታቸው ነው የተነሱት።

በመጨረሻ ስምምነት ተገኘ። ማሕሙድ ይቆማል፣ ግን አቀርቅሮ ዱዓእ ያደርጋል። ማርች 15 ቺካጎ ላይ እንደዚያው አደረገ፤ ቆሞም ተጮኸበት! እንግዲህ ጥያቄው የመቆምና ያለመቆም ከነበረ፣ ይኸው ቆመ፤ ታዲያ ጩኸቱ ለምን ነበር? በዚያው ዓመት ክለቡ ወደ ሳክራሜንቶ ሸጠው፤ ሜዳ ላይ የሚቆይበት ደቂቃም እያነሰ ሄደ፤ በ1998 ከሊጉ ወጥቶ ቱርክ ሄደ። በኋላ ለአጭር ጊዜ ቢመለስም በ2001 አበቃለት። በዚያው ዓመት ሚሲሲፒ ያለው ቤቱ ተቃጠለ፤ ሰው ሆን ብሎ አቃጥሎታል ተብሎም ተጠረጠረ።

አሁን ወደ አትላንታው ችቦ እንመለስ። ያ ሕዝብ ያጨበጨበለት ዐሊ ማን ነበር? በ1967 ሂዩስተን ውስጥ ለቬትናም ጦርነት አልመዘገብም ብሎ ቀበቶውን የተነጠቀ፣ አምስት ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር ቅጣት የተፈረደበት፣ በጉልበቱ አፍላ ዘመን ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከቦክስ የታገደ ሰው ነው። ያኔ ከሃዲ ያላሉት ጋዜጦች ጥቂት ነበሩ። ብዙዎቹ አዲሱን ስሙን እንኳ አንጽፍም ብለው ዓመታት ቆዩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 ፍርዱን 8 ለ 0 ሻረለት። ከዚያ ዕድሜና ሕመም መጣ፣ አንደበቱ ተያዘ። በ1996 አሜሪካ የወደደችው ይህን መናገር የተሳነውን ዐሊን ነው። በአፉ ይናገር የነበረው ማሕሙድ ከአራት ወር በፊት ምን እንደደረሰበት አይታችኋል።

ዐሊ በጁን 2016 ወደ አኺራ ሄደ። ሉዊቪል ላይ የተሰገደበትን የጀናዛ ሰላት ቴሌቪዥን አስተላለፈው፤ ለእምነቱና ለአቋሙ ዋጋ የከፈለ ጀግና ተብሎ ተሞገሰ። ሦስት ወር ሳይሞላ ካፐርኒክ ተቀመጠ።

እግር ኳስ ሲባል መሲ የሚጫወተው እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት ያንን በእጅ ይዘው እየተጋጩ የሚሮጡበትን ጨዋታ ነው። ካፐርኒክ የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች ነበር፤ ቡድኑን በ2013 እስከ ፍጻሜው ሱፐር ቦውል አድርሷል። በ2016 ክረምት፣ ጁላይ 5 እና 6፣ አልተን ስተርሊንግ እና ፊላንዶ ካስቲል የሚባሉ ሁለት ጥቁሮች በሁለት ተከታታይ ቀናት በፖሊስ ተገደሉ፤ ሕዝቡም በስልክ የተቀረጸውን አየ። በኦገስት ካፐርኒክ መዝሙሩ ሲዘመር ተቀምጦ ታየ። ሲጠየቅ፣ ጥቁሮችን ለሚጨቁን አገር ባንዲራ ኩራት ለማሳየት አልቆምም አለ።

በነገራችን ላይ፣ ነገሩ በዜና ከመሰማቱ ከአምስት ቀን በፊት፣ ኦገስት 21፣ የእኛው ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ ማራቶን ሁለተኛ ወጥቶ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ነበር። እሱም አገር ቤት መመለስ ፈርቶ ሁለት ዓመት በስደት ቆይቷል። ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ ሳላነሳው ማለፍ ግን አልቻልኩም።

መንበርከኩ ከየት መጣ? ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ኔት ቦየር የሚባል የልዩ ኃይል ወታደር የነበረ ሰው፣ ለአጭር ጊዜ ኳሱንም የሞከረ፣ ለካፐርኒክ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈለት። ተገናኙ፣ ተነጋገሩ። ወታደሮች በወደቀ ጓዳቸው መቃብር ፊት ይንበረከካሉና ከመቀመጥ መንበርከክ የተሻለ ክብር አለው ብሎ መከረው። ሴፕቴምበር 1 ካፐርኒክ ከጓደኛው ኤሪክ ሪድ ጋር ተንበረከከ፤ ቦየርም አጠገቡ ቆመ። እንግዲህ ወታደርን መናቅ ነው የተባለው ድርጊት ወታደር የመከረው ነበር።

ጉልበትን በተመለከተ ይህ ሊግ ታሪክ አለው። በ2011 ቲም ቲቦ የሚባል ክርስቲያን ተጫዋች ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ሲጸልይ አገሩ በሙሉ ወደደው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ እሱን እየመሰሉ ፎቶ ተነሱ። በሴፕቴምበር 2014 ደግሞ ሑሰይን ዐብዱላህ፣ በ2012 ሐጅ ለማድረግ የውድድር ዘመኑን ትቶ የሄደው ወንድማችን፣ ኳስ ነጥቆ ሮጦ ካስቆጠረ በኋላ ሱጁድ ሲወርድ ዳኛው ቅጣት ሰጠበት። በማግስቱ ሊጉ ቅጣቱ ስህተት መሆኑን አመነ። ያው ጉልበት ነው፤ አንዱን አስወደደው፣ አንዱን አስቀጣው፣ አንዱን ከሥራ አስወጣው።

ወደ ካፐርኒክ ስንመለስ፣ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ማሊያውን እያቃጠሉ ቪዲዮ የለቀቁ ነበሩ፤ በዚያው ሰሞን ማሊያው በሊጉ ከሁሉ የበለጠ ተሸጠ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ሕገ መንግሥታዊ መብቱ ነው አሉ። ለመብት በመቆም የሚታወቁት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ደግሞ ድርጊቱን የሞኝነት አሉት፤ ቆይተው ይቅርታ ጠየቁ። ከስታዲየሙ አቅራቢያ ያለው የፖሊሶች ማኅበር አባሎቼ ጨዋታውን መጠበቅ ሊያቆሙ ይችላሉ ብሎ ዛተ።

የተቃዋሚዎቹን ስሜት ማቃለል ግን አይገባም። ልጇ ከጦርነት በባንዲራ ተጠቅልሎ የተመለሰላት እናት መዝሙሩን የምትሰማው እንደ ካፐርኒክ አይደለም። ሕመሟ እውነት ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ስለ ስተርሊንግና ካስቲል የሚያወራ እየጠፋ መሄዱ። ክርክሩ ሁሉ ስለ ባንዲራ፣ ስለ ወታደር፣ ስለ ሥነ ሥርዓት ሆነ። መዝሙሩ ራሱ የሕግ እውቅና ያገኘው በ1931 ነው፤ ግጥሙን በ1814 የጻፈው ፍራንሲስ ስኮት ኪይም ባሪያ የነበረው ጠበቃ ነው። በ2015 ሁለት ሴናተሮች፣ አንደኛው በቬትናም ምርኮኛ የነበሩት ጆን ማኬይን፣ መከላከያ ሚኒስቴሩ ለስፖርት ቡድኖች የአገር ፍቅር ትርኢት ገንዘብ ሲከፍል እንደነበር አጋልጠዋል። ሥነ ሥርዓቱ በክፍያ ሲደምቅ ያልተቆጣው ሁሉ በአንድ ጉልበት ተቆጣ።

ካፐርኒክ የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው ጃንዋሪ 1፣ 2017 ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ቡድን አላስፈረመውም። በሴፕቴምበር 22 ፕሬዚዳንት ትራምፕ አላባማ ውስጥ የቡድን ባለቤቶች የሚንበረከከውን ተጫዋች ማባረር አለባቸው ብለው፣ እናት የሚነካ ስድብ ጨምረው ተናገሩ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በጣት የሚቆጠሩት ተንበርካኪዎች ከ200 በላይ ሆኑ። ባለቤቶችም ከተጫዋቾቻቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያያዙ። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የቆሙት ለካፐርኒክ ጥያቄ ሳይሆን ለራሳቸው ክብር ነበር፤ እሱ ያኔም ሥራ አጥ ነው። በዚያው ቀን የፒትስበርግ ቡድን መተላለፊያው ውስጥ ሲቀር አሌሃንድሮ ቪያኑዌቫ የተባለ የቀድሞ ወታደር ብቻውን ወጥቶ ቆሞ ታየ፤ በማግስቱ የእሱ ማሊያ ሽያጩን መራ። በኦክቶበር ምክትል ፕሬዚዳንት ፔንስ ተጫዋቾች ሲንበረከኩ አይተው ስታዲየም ጥለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ይኸው ነው። በ2018 ናይኪ ካፐርኒክን የማስታወቂያ ፊት ሲያደርገው ጫማ ያቃጠሉ ነበሩ። በ2019 ከሊጉ ጋር በድብቅ ስምምነት ክሱን ዘጋ። በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ። አገሩ በሰልፍ ሲናጥ፣ ጁን 5 የሊጉ ኃላፊ ሮጀር ጉዴል በቪዲዮ ቀርቦ ተጫዋቾችን ቀደም ብለን ባለመስማታችን ተሳስተናል አለ። የካፐርኒክን ስም ግን አላነሳም። ካፐርኒክ ያኔ 32 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ የሚጫወቱ ኳርተርባኮች ብዙ ናቸው፤ የጠራው ግን የለም።

ማሕሙድስ? በ2016 ጋዜጠኞች አስታውሰውት ስለ ካፐርኒክ ሲጠይቁት ደገፈው። በ2020 የተማረበት የሉዊዚያና ዩኒቨርሲቲ 35 ቁጥር ማሊያውን ለክብር ሰቀለለት። ዕድሜው ሃምሳ ደርሶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሊጉ ሲወጣ ሠላሳ አልሞላውም ነበር።