የጆሯችን ነፋስ መውጫ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲይዝ ሞተሩ ያጓራል፤ መስኮቱ ይንገጫገጫል፤ ሾፌሩ የራሱን ዘፈን ከፍቷል፤ ከኋላ ወንበር አንድ ሕፃን ያለቅሳል። እኛም በበኩላችን ኤርፎናችንን ሰክተን፣ ስልካችን ላይ የጫንነውን የማሕሌት ቅጂ ከፍተን፣ ነፋስ መውጫ እስክንደርስ ዓለማችንን ልንቀጭ ተመቻችተናል። ምን ዋጋ አለው! የሚሰማን ጸናጽል ብቻ ነው። ድምፁን ጨመርን። ጸናጽሉ ባሰበት።

አጠገባችን የተቀመጡት እናት ከደብረ ታቦር ጀምሮ ሲያዩን ቆይተው «ምን እየሰማሽ ነው ልጄ?» አሉ። በአፍ ከመንገር ብለን አንዱን አውጥተን ሰጠናቸው። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸው ላይ ያዙት፤ ትንሽ ዝም አሉና «ከበሮው የታል?» ብለው መለሱልን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ የመጣ ነው። እውነትም ከበሮው የለም። ማሕሌት ያለ ከበሮ! ኤርፎኑን የገዛነው ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ በደረቴ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በእቃው ርካሽነት አሳበብን። ኋላ ሲገባን ግን እቃው ያን ያህል አልበደለንም። ከኤርፎኑ ጋር በትንሽ ላስቲክ ተቋጥረው የመጡ ትርፍ ጎማዎች ነበሩ፤ አንድ ጥንድ ትንሽ፣ አንድ ጥንድ ትልቅ። ገና ከማሸጊያው ስናወጣው እዚያው መናኸሪያ ጥለናቸዋል። ከበሮው የቀረው እንግዲህ መናኸሪያ ነው።

እኚህ እናት የከበሮውን መጥፋት ወዲያው ማወቃቸው አይግረማችሁ፤ የጋይንት ሰው ናቸው። ከጥንት ጀምሮ ድጓ ተምሮ የሚያስመሰክር ተማሪ የሚሄደው ጋይንት ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የሚያስመሰክረው ደግሞ እዚያው ጋይንት ዙር አባ ነው። የያሬድ ዜማ ምልክት አለው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያለ ይቀጥላል። ምልክቶቹም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። ምልክቱ ግን የሚያስታውሰው አስቀድሞ የሰማውን ሰው ነው። ተማሪው መምህሩ ፊት ተቀምጦ በጆሮው ካልቀዳው ብራናው ብቻውን አያዜምለትም። ሲያንጎራጉሩ መዳፋቸውን አንድ ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉ ሰዎችንም አይታችሁ ይሆናል። ጆሮ ሲደፈን የራስ ድምፅ ከውስጥ ጎላ ብሎ ይሰማል። ጆሮን መድፈን ለመስማት እንደሚረዳ ማንም ፋብሪካ አልነገራቸውም።

በእኛ አገር ታሪክ ደግሞ ጆሮ ውስጥ በሚገባ መሣሪያ ድምፅ ሰሙ ተብለው በስም ከሚነሱት ሰዎች ቀዳሚው ተራ ሰው አይደሉም፤ አፄ ምኒልክ ናቸው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት መልእክት በፎኖግራፍ አስቀረጹ። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አታምታቱን።) በድምፅ የተቀረጸበት ሰም አዲስ አበባ ደረሰ፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ ጆን ሃሪንግተን አቀረቡ። ንጉሡ መጀመሪያ በጡሩምባው ሰሙት። ጡሩምባ ማለት ያ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ የሚበትነው አፈ ሰፊ ነገር ነው። ቀጥለው የንግሥቲቱን ድምፅ ጥርት አድርገው ለመስማት ሲሉ በጆሮ በሚገቡት ቱቦዎች አዳመጡት። ደጋግመውም አሰሙት።

እኛ እዚህ ላይ ቆም እንላለን። ከዓድዋ ሁለት ዓመት በኋላ አንድ ንጉሠ ነገሥት ቱቦ በጆሯቸው ሰክተው ተቀምጠዋል። መልእክቱ ያው ነው፤ ሰሙ ያው ነው፤ ማሽኑ ያው ነው። የተለወጠው ድምፁና ጆሮው የተገናኙበት መንገድ ብቻ ነው። ዛሬ ሁለት ሺህ ብር ጨምረን ሌላ ኤርፎን ከመግዛታችን በፊት ልናስበው የሚገባን ነገር ያኔ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሠርቷል። ንግሥቲቱ ድምፄ ከተሰማ በኋላ ይጥፋ ስላሉ ያ ሰም ጠፍቷል። ምኒልክና ጣይቱ በ1899 በፎኖግራፍ የሰጡት መልስ ግን ዛሬም አለ፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ስሙት። የዘር ሐረጋቸው ከበጌምድርና ከስሜን የሚመዘዘውን የእቴጌይቱን ድምፅ ከጆሮ ውጪ በተንጠለጠለ ኤርፎን መስማት ግን ነውር ነው። ቅጂው ራሱ ደክሟል፤ እኛ አናድክመው።

እነዚያ ቱቦዎች የሐኪም ማዳመጫ ዘመዶች ናቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላይኔክ በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ የበሽተኛን ደረት በአንድ ጆሮው አዳመጠ፤ ለሁለት ጆሮ የሚሆነው በ1850ዎቹ መጣ። ሐኪም ስታገኙ ማዳመጫውን ሲያደርግ እዩት። ጫፎቹ ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫ አቅጣጫ ያዘነበሉ ናቸው። የጆሮ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ቧንቧ ስላልሆነ ነው። ገልብጦ ያደረገው ጀማሪ የልብ ምት ይጠፋበታል። በ1889 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ሳንቲም የሚጎርስ ፎኖግራፍ ተተከለ። አራት ሰው በአራት ቱቦ የሚሰማበት ነበር፤ ከሰሙ በኋላ ቱቦውን የሚጠርጉበት ፎጣም ይቀርብላቸው ነበር። ኤርፎናችንን ክፍል ለክፍል የምናዟዙር የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይህን ልብ በሉ!

ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን በአብዛኛው የጡሩምባ ዘመን ነው። ራዲዮው፣ የሸክላ ማጫወቻው፣ የቡና ቤቱ ቴፕ፣ ሁሉም ለብዙ ሰው የሚጮህ። በደርግ ጊዜ የዶይቸ ቬለን ወይም ከ1982 ወዲህ የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ለመስማት ራዲዮኑን ቀንሰው ጆሯቸውን የሚለጥፉበት ሰዎች ነበሩ። እዚያ ላይ በደንብ መስማት የጥራት ብቻ ሳይሆን የነፍስም ጉዳይ ነበር።

በ1979 ሶኒ ዎክማንን አወጣ። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ አንድ ነገር አስጨንቆት ነበር፤ ሰው ለብቻው ሙዚቃ ቢሰማ እንደ ባለጌ አይቆጠርም ወይ? ስለዚህ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት ሰው የሚሰካበት ሁለት ቀዳዳ፣ እንዲሁም ለመነጋገር ድምፁን የሚቀንስ ቁልፍ ነበረው። «ለብቻ የበላ ለብቻው ይሞታል» የሚለው የእኛ ሰው ሞሪታን በደንብ ይረዳዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ዎክማን ይዞት የመጣው ማዳመጫ ጆሮ ላይ የሚያርፍ ስስ ስፖንጅ ነበር። ስፖንጅ አየር አይዘጋም። ታክሲው ሲጮህ እናንተም ትጨምራላችሁ፤ ታክሲው ይብሳል፤ እናንተም ትብሳላችሁ። በ2001 አይፖድ ይዞት የመጣው ዝነኛ ነጭ ኤርፎንም ከዚህ አልተሻለም፤ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ የሁሉም ሰው ጆሮ አንድ ልክ ይመስል።

ጆሮ የሚዘጋው ኤርፎን የመጣው ከሙዚቃ ቤት ሳይሆን ከጆሮ ምርመራ በኩል ነው። አሜሪካዊው የመስማት ሳይንስ ሰው ሜድ ኪልዮን በ1980ዎቹ ለጆሮ ምርመራ የሚሆን፣ በስፖንጅ ተወትፎ የሚገባ መሣሪያ ሠራ። በ1991 ኩባንያው ኤቲሞቲክ ያንኑ ሐሳብ ወደ ሙዚቃ አዞረው። በ1995 ደግሞ የድምፅ ባለሙያው ጄሪ ሃርቪ ለቫን ሄለን ባንድ ከበሮ መቺ በጆሮው ልክ የተቀረጸ ማዳመጫ ሠራለት። ሰውየው የመድረኩ ጩኸት አስቸግሮት ነበር። እንደገና ከበሮ!

ለምን ከበሮ? ቀጭን ድምፅ፣ እንደ ጸናጽል ያለው፣ በቀዳዳም ቢሆን ተስፈንጥሮ ይገባል። ወፍራም ድምፅ ግን አየሩን በዝግታ እየገፋና እየሳበ ነው የሚሠራው። በጎማውና በጆሮው ግድግዳ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ካገኘ ይወጣል፤ ግፊቱ ታምቡሩ ጋ አይደርስም። በአጭሩ ጆሯችን ነፋስ መውጫ አለው። ያለ ቀልድ፣ የችግሩ ስም ይኸው ነው።

ነፋስ መውጫ ከተማ ያረፍንበት ቤት ውስጥ ያደረግነውን እንንገራችሁ። (ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ስሙን ያወጣላት ሰው አልዋሸም።) ከአንድ የስልክ መለዋወጫ ከሚሸጥ ልጅ በየልኩ ጎማ ገዛን። አንድ ጊዜ ለክቶ የሚበቃ መስሎን ነበር፤ አይበቃም። በአንድ እጃችን የጆሯችንን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ ያኔ የተጣመመው ቀዳዳ ቀና ይላል፤ በሌላው እጅ ኤርፎኑን ትንሽ እያዞሩ ማስገባት፣ ከዚያ ጆሮውን መልቀቅ። ሲይዝ ታውቁታላችሁ። የውጪው ነፋስ ድንገት ራቅ ይላል፤ የራሳችሁ ድምፅ በርሜል ውስጥ የምታወሩ ይመስላል፤ ቆሎ ብትቆረጥሙ ወፍጮ ቤት ትገባላችሁ። ሽቦውን በጆሮ ላይ አዙሮ ማውረድ ደግሞ ስንራመድ የሚመጣውን የሽቦ ኳኳታ ቀነሰው። ያላሰብነው ነገር ሁለቱ ጆሯችን አንድ ልክ አለመሆናቸው ነው፤ ለቀኙ ትልቁ፣ ለግራው መካከለኛው ልክ ሆነ። ለካ ዕድሜ ልካችንን አንዱ ጆሯችን ከፍቶ ነበር የምንሰማው።

መመዘኛችን ያው የማሕሌቱ ቅጂ ነበር። መካከለኛውን በቀኝ ስናደርግ ከበሮው ጣሳ ነው። ትልቁን ስናደርግ ደረት ላይ አረፈ። ድምፁን ሳንነካ! እንዲያውም ቀነስነው። ሆኖም ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀዳ የተጎሳቆለን ቅጂ ምንም ጎማ አያድነውም፤ ሁለት ሦስቱን ሰምተን አጠፋናቸው። ጆሮን በክብሪት እንጨት መጎርጎርም ከበሮ አያመጣም፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ። በጎማው አፍ ላይ ያለውን ወንፊት መጥረግ ግን ያመጣል።

መቀነሱ ነው ትልቁ ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይፋ ያደረገው መለኪያ ለአዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ይፈቅዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ላይ ስትደርሱ የሳምንቱ ድርሻችሁ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጋይንት የሚመጣ ሰው በአንድ ጉዞ ይጨርሰዋል። ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በዚህ መንገድ መስማታቸውን ሊያጡ እንደሚችሉም ድርጅቱ ይናገራል። በጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ፀጉራም ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ሰው ይህን የሚያውቀው ሌሊት ጸጥ ሲል ጆሮው ውስጥ የሚጮኽ ነገር ሲሰማ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ነው። ያን ቀን የሚጎድለን ከበሮው ሳይሆን ጸናጽሉ ይሆናል፤ ጎማ ቀይረን የማናመጣው።

ውድ እቃ የሚሠሩትም ይህን ዘግይተው አመኑ። አፕል በ2016 ያወጣው ሽቦ አልባው ኤርፖድ ጎማ አልነበረውም፤ በ2019 የመጣው ፕሮ የተባለው ግን ሦስት ልክ ጎማ፣ እንዲሁም «ጆሮህን በደንብ ዘግቷል ወይ?» ብሎ በስልክ የሚመረምር ዘዴ ይዞ መጣ። ያ ሁሉ ምርምር የጋይንቷን እናት ጥያቄ ለመጠየቅ ነው።

ስንመለስ ትልቁን በቀኝ፣ መካከለኛውን በግራ አድርገን አውቶቡስ ያዝን። ቁልቁለቱ ላይ ጆሯችን ድፍን ብሎ አስቸገረን፤ ከፍታ ሲቀየር የተዘጋ ጆሮ ስለሚጨናነቅ አውጥተን፣ ምራቅ ውጠን፣ መልሰን ሰካን። ከዚያ በኋላ ሞተሩ የለም፤ መስኮቱ የለም፤ የሾፌሩ ዘፈን የለም። ከበሮውም ጸናጽሉም በየቦታው ነው። መውረድ የነበረብን ደብረ ታቦር ነው። ረዳቱ «ደብረ ታቦር ወራጅ!» ብሎ ሦስት ጊዜ መጣራቱን የነገረን ትከሻችንን መትቶ ሒሳብ ሲጠይቀን ነው፤ ዓለም በር ደርሰናል። ወርደን ወደ ኋላ የሚመለስ ሚኒባስ እስክናገኝ፣ የግራውን አውጥተን መንገድ ዳር ቆምን።