ለወዳጅ የተጻፈ እውነት፤ የቄስ ጉዲና ቱምሳ ሁለት ወረቀቶች

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ይገኛል። ብዙ አገልጋዮች ተምረው የወጡበት ስፍራ ነው። በደጃፉ ሳልፍ የመሪ ነገር ይነሣብኛል፤ የመሪ ነገር ሲነሣ ደግሞ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ትዝ ይሉኛል። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በሰማዕትነታቸው ነው። ዛሬ ግን ከመሞታቸው በፊት በጻፏቸው ሁለት ወረቀቶች ላይ ልቆይ። አሟሟታቸውን ያለ እነዚህ ወረቀቶች መረዳት የሚከብድ ይመስለኛልና።

ቄስ ጉዲና የወለጋ ቦጂ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ነቀምት ሆስፒታል በድሬሰርነት ሠርተዋል። ኋላ ለቅስና ተሹመው አገለገሉ፤ አሜሪካ ሄደው ሚኒሶታ በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ ተማሩ። ሲመለሱም እ.ኤ.አ. በ1966 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት በንጉሡ መንግሥት ሚኒስትር የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1951 ዓ.ም. ነው የተመሠረተችው፤ ገና ወጣት ነበረች። ምእመኑ በፍጥነት ይበዛል፤ ወንጌላዊ፣ ቄስ፣ ጸሎት ቤት ያስፈልጋል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ የውጭ አብያተ ክርስቲያናትና ድርጅቶች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለልማት ፕሮጀክት እጃቸው ክፍት ሲሆን፣ ለወንጌል ሥራ የሚሰጡት ግን እያነሰ ሄደ። ምን ይደረጋል? ብልጣብልጥ መሪ ቢሆን መንገዱ ቅርብ ነበር፤ የሚወደደውን ቋንቋ ተናግሮ፣ በልማት ስም ተቀብሎ፣ ሪፖርቱን ማሳመር። ይህ ጥበብ ዛሬም አልጠፋብንም።

ግንቦት 1 ቀን 1964 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የሄደው ደብዳቤ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ዋና አርቃቂው ቄስ ጉዲና ነበሩ። የሰው ልጅ አንድ ሙሉ ሰው ነው፤ ሥጋው ለብቻ ነፍሱ ለብቻ ተከፍሎ አይታይም፤ ስለዚህ ወንጌልን ከልማት መለየት ለእኛ እንግዳ ነው የሚል ነበር አሳቡ። ከዚህም አልፎ የእርዳታው ሚዛን የተጓደለ መሆኑን፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ የሚወሰነው በሰጪዎቹ አገር አስተሳሰብ እንጂ የተቀባዮቹን ችግር በመጠየቅ አለመሆኑን በግልጽ ነገራቸው።

በእኛ አገር ለሚያጎርስህ ሰው እንዲህ መናገር የበሉበትን ወጭት መስበር ተብሎ ይቆጠራል። ደብዳቤው ግን ስድብ አልነበረበትም፤ ምስጋናውንም አልደበቀም። ወዳጅን እንደ ወዳጅ ቆጥሮ እውነቱን ነገረው። ጉዳዩ በዚያው አልቀረም፤ በጥቅምት 1967 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ በዚሁ ርእስ ዓለም አቀፍ ምክክር ተደረገበት።

እኔ ይህን ደብዳቤ ሳስብ የሚወቅሰኝ ትንሽ ነገር ነው። በጸሎት ጓዳ ለጌታ የምነግረውና ወንድሞች «እንዴት ነህ?» ሲሉኝ የምመልሰው አይገጥምም። «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብዬ አልፋለሁ። ጳውሎስ እንኳ በእስያ ከአቅሙ በላይ ከብዶበት በሕይወት እስከ መኖር ተስፋ ቆርጦ እንደ ነበር የቆሮንቶስ ሰዎች እንዲያውቁለት ፈልጎ ጽፏል። ሐዋርያ ነኝና ልደብቅ አላለም። ይህ ማለት ግን መሪ ሁሉን በመድረክ ይዘርግፍ ማለት አይደለም። የሌላውን ሰው ምስጢር ሜዳ ላይ ማውጣት ግልጽነት ሳይሆን ሐሜት ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነገሩ ከበደ። ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፣ አገልጋዮች ታሰሩ። ቄስ ጉዲናም ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። በዚህ ጊዜ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻቸላቸው። እርሳቸው ግን አልሄዱም። ምክንያታቸው ውስብስብ አልነበረም፤ ቄሶቹን በየስፍራችሁ ጽኑ ሲሉ የኖሩት ራሳቸው ናቸው። ታዲያ በመከራ ቀን መንጋውን ትተው እንዴት ይውጡ? ክርስቶስ ስለ ሁሉ የሞተው በሕይወት ያሉት ከእንግዲህ ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነው የሚለውንም ቃል አነሡ። መውጣት ሁልጊዜ ኃጢአት ነው አልልም፤ ጌታችንም በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ተሰዷል። የእርሳቸው ጉዳይ ግን ለሌላው የሰጡት ምክር ራሳቸውን ይዟቸው መገኘቱ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት የተጻፈው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። ለፕሬዚዳንቱ ለአቶ አማኑኤል የቀረበ ማስታወሻ ሲሆን፣ ርእሱም ውይይትና ውሳኔ ስለሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች ይላል። ደርግ ሥልጣን በያዘበት ዘመን ያለ መሪ ስለ ጠላቶቹ ይጽፋል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። እርሳቸው የጻፉት ስለ ገዛ ቤታቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከራሷ ሕይወትና ኑሮ የበቀለ ሥነ መለኮት ያስፈልጋታል፤ ይህንን ደግሞ ቁጭ ብለን መነጋገር አለብን የሚል ነው ጭብጡ። ጊዜው ከባድ ነውና ጉድለታችንን አሁን አናንሣ አላሉም። አስተውሉ፣ ጽሑፉ ለአደባባይ አይደለም፤ ጉዳዩ ለሚመለከተውና ሊወስን ለሚችለው ሰው ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና በዑራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። ወ/ሮ ፀሐይ በዚያው ሌሊት ተለቀቁ። ባለቤታቸው ግን በዚያው ሌሊት ተገደሉ፤ ቤተሰቡ ያን ጊዜ ይህን አላወቀም። በቀጣዩ ዓመት ወ/ሮ ፀሐይ ራሳቸው ታሰሩ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ወደ ዐሥር ዓመት ገደማ በእስር ኖሩ። የባለቤታቸው አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።