ከእናቴ አልጋ ሥር ያለው ኩራዝ

ባለፈው ዓመት፣ ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከእንጦጦ ቁልቁል የወረደ ንፋስ ከማድ ቤታችን ጣሪያ ሁለት ቅጠል ቆርቆሮ ገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ጣለው። ወዲያው በረዶ ተከተለ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በረዶ ሲወርድ ሰው ሰውን አይሰማም፤ ልጄ አፏን ስታንቀሳቅስ አያለሁ እንጂ የምትለው አይገባኝም። ሳፋና ባልዲ በሚያፈስበት በሚያፈስበት ሥር ስንደረድር፣ መንገዱ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን ሽቦው ላይ ጣለ። ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፤ መብራት ሄደ። ሦስት ሌሊት ሳይመጣ ቆየ።

ልጄ የስልኳን መብራት አበራች። እኔ ተንበርክኬ ከእናቴ አልጋ ሥር ኩራዙን አወጣሁ።

ኩራዙ ድሮ የቲማቲም ጣሳ ነበር። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ የተጣለ ጣሳ የሚያነሱ እጀ ብልሆች አንገት አበጅተው፣ በስታኞ በይደው፣ ጆሮ ቀጥለው ኩራዝ አደረጉት። እናቴ የገዛችው እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ክሩ ከአሮጌ ነጠላ ጠርዝ ተቀዶ የተገመደ ነው፤ ላምባ የሚስበው ጥጥ ነውና። ክሩን አብዝተው ካወጡት ይጨሳል፣ ጠዋት አፍንጫ በጥላሸት ይሞላል፤ ካሳነሱት ደግሞ እፍ ሳይሉት ይጠፋል። «የስንዴ ፍሬ ታህል» ትለኝ ነበር እናቴ። ደህና ቤት ፋኖስ ነበረው፤ ብርጭቆውን በጋዜጣ ሲወለውሉ አይቻለሁ። ማሾ የሚታየው በሠርግና በለቅሶ ድንኳን ነበር። እኛ ያደግነው በኩራዝ ነው፤ ከጎናችን ያሉት ሸማኔዎችም ያመሹ የነበረው በእሱ ብርሃን ነው።

ኩራዝ «ጠፋ» እንላለን። ኤሌክትሪክ ግን «ሄደ»፣ «መጣ» ነው የሚባለው፤ እንደ እንግዳ። ይህ አነጋገር በከንቱ የተለመደ አይመስለኝም።

እንግዳው መጀመሪያ ያረፈው ቤተ መንግሥት ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢያቸውን የሚያበራ ጄኔሬተር አስተከሉ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው በጧፍና በምድጃ እሳት ማምሸቱን ቀጠለ። በኋላ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ተሠራ፤ ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። ዛሬም ሰው «መብራት ኃይል» የሚለው ድርጅት የተቋቋመው እኔ በተወለድሁበት በ1948 ዓ.ም. ነው። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የቆቃ ግድብ ተመረቀ። 43.2 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ግድብ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራ ነው።

አባቴ በጣሊያን ጊዜ ታላቅ ወንድሙን ያጣ ሰው ነበር። ሽሮ ሜዳ ካለው ቤታችን መብራት የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ከባለ ቆጣሪው ጎረቤት በተሳበ ሽቦ፣ በየወሩ በአምፖል ቁጥር ሒሳብ እየተከፈለ። አንዷን አምፖል ለሁለት ክፍል እንድትበቃ ግድግዳው ላይ በተበሳ ቀዳዳ መሐል አንጠለጠሏት። በበራች ማታ አባቴ ቀና ብሎ አያትና «ይቺ የወንድሜ ናት» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። እኔ የቆቃን ስም በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ግድቡ ሳይሆን የአባቴ አንገት ነው።

አባቴ አናጺ ነበር፤ ሥራው በአብዛኛው ጣሪያ መምታት። እሱ እንደሚለው ንፋስ ጣሪያን ከመሐል አይከፍትም፤ በጠርዙ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ያነሣዋል። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፤ ዓመት ከዓመት እንዲህ ሲል ሚስማሩን ከማገሩ ያላላዋል። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ሁለት ሁለት ሚስማር ይመታ ነበር። አቅም ያነሰው ሰው ድንጋይና አሮጌ ጎማ ይጭንበታል፤ ከእንጦጦ ወደ ታች ቢያዩ ያ ሁሉ ጎማ የተቀመጠው ለዚሁ ነው። የሣር ክዳን እሳት እንጂ በረዶ አያስፈራውም ነበር፤ ነገር ግን ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ቆርቆሮ ማምጣት እየቀለለ ሄደ፣ ሣሩም ከከተማው እየወጣ።

ባሕር ዛፉ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከተማዋ ማገዶ አልቆባት በተጨነቀች ጊዜ፣ በምኒልክ ዘመን መጥቶ ያተረፋት እሱ ነው። ቤታችን የቆመው በባሕር ዛፍ ነው፤ የመብራቱ ምሰሶም ባሕር ዛፍ ነው፤ ሽቦውን የበጠሰውም እሱው። ልቆጣው አልችልም።

ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የግልገል ግቤ ሦስት ውሃ ጎድሎ በፈረቃ ስንበራ ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ዝናብ ለመንን። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ሽቦው አይችለውም። 1,870 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ግድብ ተሠርቶ፣ ኃይሉ እኛ ሰፈር ሲደርስ ሽቦውን የሚይዘው አንድ ሥሩ የበሰበሰ እንጨት ነው። ግድብ ሲመረቅ አይተናል፤ ምሰሶ ሲቀየር ግን ስንት ዓመት እንደምንጠብቅ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው።

ቆርቆሮው በተገነጠለበት በዚያ ማታ ትልቁ ጭንቀት ብርሃን አልነበረም፤ ሊጡ ነበር። ልጄ ጠዋት አብሲት ጥላ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ነበር። አብሲት የተጣለበት ሊጥ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ሲያድር ይኮመጥጣል። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ዝም ብሏል፣ ማድ ቤቱ ሰማይ ይታይበታል። ቆጥ ላይ የከረመውን የሸክላ ምጣድ ይዘን፣ ኩራዙን በነጠላዬ ከንፋስ ከልዬ፣ ጉልቻ ያልነቀሉት ጎረቤታችን ዘንድ ሄድን። «እትዬ፣ ምጣዱን እኔ ላሟሸው» ብለው ተቀበሉኝ። የሸማኔው ሚስት አልጋ ሥር ያቆየችውን ደረቅ ጭራሮ አመጣች። የሦስት ቤት ሊጥ በአንድ ምጣድ ስንጋግር እኩለ ሌሊት ሆነ። ኩራዙ የማድ ቤታቸው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ እንጀራው ዓይን ማውጣቱን ያየነው በእሱ ነው። ልጄ ሁለት እንጀራ አቃጠለች፣ ሦስተኛውን አሳመረችው። የእንጨት እሳት በእጅ ስትለካ ያየኋት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በአራተኛው ቀን መብራት መጣ፤ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ሲጮኹ ከመንገድ ተሰማ። ቆርቆሯችንም ከጎረቤት ግቢ ተመለሰ፣ አንዱ ጠርዙ ታጥፎ። ሊመታልን የመጣው ልጅ ፈጣንና ትሑት ነው።

«ጠርዙ ላይ ሁለት ሁለት አድርግልኝ» አልሁት።

«እማማ፣ አንድ ይበቃል እኮ። ሚስማር ይፈጅብዎታል።»

«ይፍጅ።»

ለተጨማሪው ሚስማር ከፈልሁ፤ ቆሜም አስቆጠርሁት። ከዚያ ኩራዙን ጠርጌ፣ ክሩን አሳጥሬ ወደ ቦታው መለስሁት። ላምባው አልቆ ስለነበር ልጄን ባዶ ጠርሙስ አስይዤ ወደ አዲሱ ገበያ ላክኋት።