መኪናን ገዝቶ ማግኘትና ጠግኖ ማቆየት

ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ቦታ የሚይዙት ነገሥታት፣ ጦርነቶችና አዋጆች ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ ከውጭ የመጣለትን መሣሪያ እንዴት አድርጎ እንደያዘውና እንዳቆየው መመርመርም ታሪክ ነው። ስለዚህ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች፣ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት፣ ስለ አሮጌ መኪና፣ ይልቁንም «ቮልስ» እየተባለች ስለምትጠራው ቮልስዋገንና ስለ ጠጋኞቿ ጥቂት ለመናገር አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በመጀመሪያ ሰርኪስ ቴርዝያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ መኪና አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጠራው። ከዚያም በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ለመኪና የሚሆን መንገድ ገና ባልተሠራበት አገር፣ ሲድሌይ የተባለችውን አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ሌላም ታላቅ ነገር ተደርጓል። ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አድርጎ የሚያነብ ሰው ብዙ ነው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን የተያያዙ ናቸው፤ ብረት ሠራተኛ በሚናቅበት አገር የብረት ሠረገላ ዕድሜ ሊኖረው አይችልምና።

ወደ እኛ አገር ወደ ጎጃም ስንመለስ፣ ብዙው ሰው ከሞተር ጋራ የተዋወቀው በጦርነት ነው። በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ የጣልያን ጦር ቡሬን ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ ካሚዮኖችና ብረት ለበስ መኪናዎች ይዞ ነበር። ጠላት ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ግን የጋራዥ ሙያና ቋንቋው በአገሪቱ ቀረ። ዛሬ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ጋራዥ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ፣ ካቻቪቴ፣ ክሪክ ሲባል ይሰማል። እነዚህ ሁሉ ምንጫቸው የጣልያን ቋንቋ ነው፤ የሚናገራቸው ወጣት ግን የአማርኛ ቃል ናቸው ብሎ ይምላል። ባለሙያዎቻችን ከጠላት ዕቃ የሚጠቅመውን ወስደው የራሳቸው አደረጉት ማለት ነው።

ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ የተባለው መሐንዲስ ነው። ሥራው በናዚ መንግሥት ዘመን ቢጀመርም፣ መኪናዋ ለሕዝብ በብዛት የተሠራችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1940 ዓ.ም. የፈርዲናንድ ልጅ ፌሪ ፖርሽ ከቮልስ የተወሰዱ ዕቃዎችን ተጠቅሞ 356 የተባለችውን የእሽቅድምድም ዓይነት መኪና አወጣ። እንግዲህ ዛሬ በውጭ አገር ባለጠጎች በጨርቅ ሸፍነው የሚያስቀምጧት ውድ መኪና ለአዲስ አበባዋ ቮልስ የቅርብ ዘመድ ናት። የመጨረሻዋ ቮልስ በ1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮ ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል።

በአገራችንም ይህች መኪና የታሪክ ምስክር ሆናለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ቮልሶቹ ግን ዛሬም በአዲስ አበባ መንገድ ይታያሉ።

ይህን ያህል ዘመን መቆየት ስለምን ተቻለ? አንደኛው ምክንያት አሠራሯ ነው። ሞተሯ ከኋላ ሲሆን የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚይዝ ራዲያተር የላትም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋራ የሚያያይዙት አራት ቡሎኖች ስለ ሆኑ፣ ሁለት ብርቱ ሰዎች በግቢያቸው ሊያወርዱት ይችላሉ። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። የቫልቮቹ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤት ማታ አቁሟት ያድርና ጧት ማንም ሳያስነሣት ይለካዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የባለቤቱ ትጋት ነው። ማሽን ቸል የሚለውን ሰው ይቀጣል። ዲናሞውንና ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለ ሆነ፣ እሱ ሲበጠስ የባትሪው መብራት ቦግ ይላል። ያን ጊዜ «ትንሽ ልሂድ» የሚል ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። የቤንዚኑ ጎማ አርጅቶ ሲሰነጠቅም ነዳጁ በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል፤ የጥቂት ብር ጎማ ባለመለወጡ መኪና በሙሉ በእሳት ይጠፋል። በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር መግባትም ሕይወት ያስከፍላልና፣ በቤቱ የሚሠራ ሰው ጠንካራ ድጋፍ ሳያስገባ አይተኛም።

የአገሩንም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ደምበጫ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ መጠን የበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ጉልበቱም ይደክማል። መጽሐፍ ያላነበበ መካኒክ እንኳ ካንዴላውን ፈትቶ መልኩን በማየት ይህን ያውቃል። እኛ በፊዚክስ ክፍል የምንማረው የአየር ግፊት ይኸው ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ዕውቀት ያለው ሰው በመካከላችን እንዴት ይታያል? አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ «ትምህርት እንቢ ያለው ጋራዥ ይግባ» የሚለው አነጋገር አልቀረም። ማረሻ የሚያበጀውን ቀጥቃጭ እየፈለገ የሚንቀው ገበሬና፣ መኪናውን ለመካኒክ ሰጥቶ ልጁን ለመካኒክ የማይሰጠው ባለሥልጣን አንድ ናቸው። ነገሩ ለእኛ የወሬ ጉዳይ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ እንደማይገባ ቁጥሩ ይናገራል። የእጅ ሥራን የውርደት ቦታ አድርገን ከቆጠርነው፣ የቀሩትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ወዴት ልንልካቸው ነው?

ምናልባት «የቮልስ ዘመን አልፏል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም እየበዙ ነው። ካርቡራተር የሌለው መኪና ካርቡራተር አዋቂ አይፈልግም። ነገር ግን ድምፅ አዳምጦ በሽታን ማወቅ፣ ሳይለኩ አለመቁረጥ፣ የማይገኝ ዕቃ ሲጠፋ በቶርኖ አስቀርጾ መተካት፣ ይህ ሁሉ ልማድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚሻገር ሀብት ነው። አሮጌውን ጠግኖ የማያውቅ አገር አዲሱንም በተበላሸ ቁጥር ባሕር ማዶ እያየ ይኖራል።

ስለዚህ ለታናናሾቻችን የምንተወው አደራ ይህ ነው። በየከተማችን ዕድሜያቸው የገፋ መካኒኮች አሉ፤ የሚያውቁት በእጃቸው እንጂ በወረቀት ላይ የለም። በዕረፍት ጊዜያችሁ ደብተር ይዛችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጽፋችሁ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። ወላጆቻችንም ልጃቸው እጁ ዘይት ነክቶት ቤት ሲገባ ከመቆጣታቸው በፊት «ዛሬ ምን አስተካከልህ?» ብለው ይጠይቁት። መኪና የገዛት ሰው ባለቤትነቷን በወረቀት ያገኛል፤ ጠግኖ ያቆያት ሰው ግን በሥራው አግኝቷታል።